ፈረንጅ በባንኮክ

የታይላንድ ሰዎች ምዕራባዊውን ሰው «ፋራንግ» ይሉታል። ይህም ቃል ከእኛው «ፈረንጅ» ጋራ ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም «ፍራንክ» ከሚለው የሕዝብ ስም የመጡ ናቸው። በባንኮክ የሚኖር ፈረንጅ በ1999 እ.ኤ.አ. በተከፈተው፥ ከመንገድ በላይ በድልድይ በሚሄደው ባቡር ወደ ሥራው ይሄዳል። ከሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ የሰው ራስ አይነካም፤ እግሩንም ወደ ሰው አይዘረጋም። ጧት በ2 ሰዓት የአገሪቱ መዝሙር በአደባባይ ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሬት በስሙ እንዲገዛ ግን ሕጉ በመሠረቱ አይፈቅድለትም። በጊዜያዊ ፈቃድ 20 ዓመት የኖረም ቢሆን በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያስታውቃል። እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ቤት በገንዘብ ይከራዩታል፤ መከበር ግን የሚገኘው የአገሩን ልማድ በማክበር ነው።