የናፍጣ ሞተር ጉልበት ሲያጣ

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ያምቃል፤ አየሩም እጅግ ሲግል የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጉልበት ሲያጣ የምንመረምራቸው ሦስት ናቸው፤ ይኸውም አየር፥ ናፍጣና እመቃ።

መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ጭሱን እንመልከት። ጥቁር ጭስ ለናፍጣው አየር እንዳነሰው ይነግረናል፤ የአየሩን ፊልትሮና ቧንቧ እንይ። ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ናፍጣው ሳይቃጠል መውጣቱን ወይም ውሃ መግባቱን ያሳያል። ጭስ ሳይበዛ ዳገት ላይ ቢደክም ግን ብዙ ጊዜ የራበው ናፍጣ ነው፤ ፊልትሮው ተደፍኗል፥ ወይም በናፍጣው መስመር አየር ገብቷል።

እኛ ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። እንጦጦን መውጣት ያቃታትን መኪና ፖምፓዋን አስፈትተን ገንዘባችንን ከጨረስን በኋላ፥ ጥፋቱ የናፍጣው ፊልትሮ ሆኖ ተገኘ።

ከፍታውም አይዘንጋ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ቢለግም ሁልጊዜ ሕመም አይደለም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ ምርመራችንን ከርካሹ ጀምረን ወደ ውዱ እንሂድ።