ጫናው የት ያርፋል?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ «ግሪንሃውስ»ን በቀለም ከፋፍላችሁ አምጡ ተብለናል። ግሪ፣ ን፣ ሃ፣ ው፣ ስ፤ አምስት አይደለም?

ጋሼ፦ ፊደል ቆጠርሽ እኮ ልጄ! የሚቆጠረው አናባቢው ነው። ግሪን አንድ፣ ሃውስ አንድ፤ በቃ ሁለት። ጥምር ቃል ሲገጥምሽ መጀመሪያ ቃላቱ በተጋጠሙበት ክፈይው፤ ከዚያ የቀረውን። «ኒውስፔፐር» ብትዪ ኒውስ ለብቻው ይወጣና ፔ፣ ፐር ይከተላሉ።

ወጣቷ፦ ይኼማ ቀላል ነው።

ጋሼ፦ ሰው የሚስተው ጫናውን ነው። ግሪን ላይ ድምፅሽን አንሥተሽ ሃውስን ካሳነስሽው፣ አትክልት የሚበቅልበት የመስተዋት ቤት ነው። ሃውስ ላይ ከበረታሽ ግን አረንጓዴ የተቀባ ቤት ሆነ።

ወጣቷ፦ በድምፅ ብቻ?

ጋሼ፦ አዎ። እኛ ዘንድ «ገና»ን ለሁለት የሚለየው የ«ና» መጥበቅና መላላት ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ጫና ነው። ብላክበርድ የሚሏት ወፍ ሴቷ ቡናማ ናት፤ ሆኖም ጫናው ብላክ ላይ ስላረፈ ስሟ ነው፣ መልኳን አይጠይቅም። ጫናው ወደ በርድ ከሄደ ቁራም ይገባበታል። «ኢንግሊሽ ቲቸር»ም እንደዚሁ፦ ኢንግሊሽ ላይ ከተጫንሽ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ቲቸር ላይ ከተጫንሽ የእንግሊዝ አገር ሰው የሆነ አስተማሪ። እኔን ስትጠሪ እንዳትሳሳቺ!

ወጣቷ፦ እና ሁልጊዜ የመጀመሪያው ላይ ልጫን?

ጋሼ፦ ስም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ። የቋንቋ ሊቃውንቱ ቾምስኪና ሃሌ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ሕግ አስፍረውታል። ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው። በ«አፕል ኬክ» አፕል ይጫናል፤ በ«አፕል ፓይ» ፓይ። ኒው ዮርክ ውስጥ «ፊፍዝ ስትሪት» ሲሉ ፊፍዝ ይጎላል፣ «ፊፍዝ አቬኑ» ሲሉ ግን አቬኑ። ሮድና ሌይንም ከአቬኑ ወገን ናቸው። ለዚህ የሚያረካ ምክንያት የሰጠኝ ሰው የለም።

ወጣቷ፦ ታዲያ በምን ልለይ?

ጋሼ፦ መዝገበ ቃላት ክፈቺ። ከሚጫነው ቀለም ፊት ከፍ ብላ የቆመች ትንሽ ጭረት አለች፤ ዝቅ ብላ የምትቆመው ለደከመው ጫና ናት። «ብላክቦርድ»ን እይው፤ ብላክ ከፍ ያለችውን ይይዛል፣ ቦርድ ቢደክምም ድምፁ ሙሉ ነው።

ወጣቷ፦ የዕቃ ቁም ሳጥኑስ፣ «ከፕቦርድ»?

ጋሼ፦ እንደሱ ብለሽ ካነበብሽው ይስቁብሻል። አጻጻፉ እንደ ጥንቱ ቀረ እንጂ በአፍ «ከበርድ» ነው፤ «ፕ»ዋ ተውጣለች፣ ቦርድም ጫናውን ካጣ ወዲህ «በርድ» ሆኗል።