«የአባቶቼ ርስት ነው» ማለት ፍርድ ቤት ያዋጣል?

ከመንዝ ሞላሌ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ቅድመ አያቶቻችን አቅንተው የያዙት፣ እኛም እስከ ዛሬ ከብት የምናሰማራበት የወል መስክ ለሌላ ሥራ ሊሰጥ ነው ይባላል። ስንጠይቅ ‹መሬት የመንግሥት ነው› የሚል መልስ ነው የሚሰጠን። የዓለም ሕግ የነባር ሕዝቦችን መሬት ይጠብቃል ሲባልም ሰምተናል። በዚያ መከራከር እንችላለን?»

መከራከሩንስ ይችላሉ። ነገር ግን የሚያዋጣዎት የአያት ስም ሳይሆን ይዞታ ነው።

መንዝ ላይ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። የሞላሌ ወረዳ ራሱ ማማ ምድር ይባላል፤ ጎረቤቶቹም ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን አቀኑ የሚባሉት አባቶች ስሞች ናቸው። ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም ትውልድ እየተቆጠረ የሚጠየቅ መብት ነበር፤ አንድ ሰው በብዙ ቦታ ርስተኛ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን በር የዘጋው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ነው። አዋጁ የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ በርስት አገር የነበረው ገበሬም በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን መሬት በይዞታ እንዲቀጥል ፈቀደ። ትውልድ ቆጥሮ ሌላ ቦታ ርስት መጠየቅ በዚያው ቀረ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40(3) የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ስለዚህ በአያት እጅ የተጻፈ የርስት ወረቀት ታሪክን ይመሰክር እንደሆነ እንጂ ለዛሬ ዳኛ የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ዓለም ሕግ እንምጣ። በቅኝ ግዛት ሕግ ድል አድራጊው ዘውድ መሬቱን የራሱ ያደርግና ነባሩን ሕዝብ በፈቃዱ የሚያኖር ነበር። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ «ባዶ መሬት ነበር» የሚለውን ሐሳብ የጣለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳርቻ የተፈናቀሉትን የኬንያ ኢንዶሮይስ አርብቶ አደሮች ጉዳይ መርምሮ በባህላዊ መንገድ የቆየ ይዞታ የንብረት መብት ነው አለ። ውሳኔው ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የአፍሪካ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው በኬንያ የማው ደን ነዋሪ ለሆኑት ኦጊየኮች ፈረደ።

በእኛ በኩል የሚጎድል ነገር አለ። ስለ ነባር ሕዝቦች የሚናገረውን የዓለም ሥራ ድርጅት 169ኛ ስምምነት ኢትዮጵያ አላጸደቀችም። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ነባር ሕዝቦች መብት መግለጫውን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያጸድቅ ድምፅ አልሰጠችም። ሕገ መንግሥታችንም ስለ ብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንጂ ስለ «ነባር ሕዝብ» በተለይ አይናገርም። የኬንያው መሬት ታሪክም ከእንግሊዝ ዘውድ የሚነሣ ሲሆን፣ የእኛው ርስት የቀረው በገዛ አገራችን አዋጅ ነው። በእጅዎ ያለው የአፍሪካ ቻርተር ነው፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 114/1990 ተቀብላዋለች፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የቻርተሩ አንቀጽ 14 ንብረትን ይጠብቃል። ሆኖም ወደ ኮሚሽኑ የሚኬደው በመሠረቱ በአገር ውስጥ ያለው መንገድ ተሟጥጦ ሲያልቅ ነው። ሞላሌ ሳይከራከሩ ኮሚሽኑ ካለበት ከባንጁል መድረስ አይቻልም።

ከጎረቤታችሁ ከጓሳ የምትወስዱት ትምህርት ግን አለ። የጓሳ ሜዳ ለብዙ ዘመን በአጽመ ርስት ባለቤቶች ይጠበቅ ነበር፤ በአስቦና በጌራ ተወላጆች ማለት ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው፣ ከብቱም የሚገባው ሲከፈት ብቻ ነበር፤ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ያንን ሥልጣን አፈረሰው፤ ሜዳውም ጠባቂ አጣ። በኋላ ግን ነዋሪው በአዲስ መልክ ተደራጀ፤ የአማራ ክልልም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። ዛሬ ሜዳውን የሚጠብቀው የሕግ ቃልና የነዋሪው አደረጃጀት ነው፤ የአስቦና የጌራ ስም ብቻውንማ በ1967 አላስጣለውም።

አሁን ወደ እናንተ መስክ። የሚያርሱት መሬት በአረንጓዴ ደብተር ተመዝግቦ ይሆናል፤ ሕገ መንግሥቱም ገበሬን ከመፈናቀል ይጠብቃል፣ አንቀጽ 40(4)። የወል መስክ ግን ብዙ ጊዜ በማንም ደብተር ላይ የለም፤ የሚጠፋውም በዚህ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መስኩን በወል ይዞታነት መዝግቦት እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ ያመልክቱ፤ ማን ከየት እስከ የት፣ በየትኛው ወቅት ከብት እንደሚያሰማራ የሚመሰክሩ ሽማግሌዎችንም ስም ያስይዙ። የእነርሱ ምስክርነት «ቅድመ አያቴ ያቀኑት ነው» ከማለት ይልቅ ሚዛን ይደፋል፤ የሚያረጋግጠው አጠቃቀምን ነውና።

መስኩ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳን ያዝዛል። በቋሚነት ለሚለቀቅ የግል እርሻ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። ለወል ይዞታ ደግሞ የሚሰላው ማኅበረሰቡ የሚያጣው ጥቅምና መተዳደሪያ ነው። «የወል ነውና ካሳ የለውም» የሚልዎት ሰው ካለ አንቀጹን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በማስለቀቂያ ትእዛዙ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታ የሚያቀርበው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ይህን አዋጅ ያሻሻለ ሌላ አዋጅ ስለወጣ፣ አቤቱታውን የሚያዘጋጅልዎት ሰው ሁለቱን አጣምሮ ያንብብ።

አንድ ገበሬ ብቻውን ስለ ወል መስክ ቢከስ፣ «አንተ በግልህ ምን መብት አለህ?» ተብሎ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 ግን ተመሳሳይ ጥቅም ካላቸው ብዙ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሌሎቹን ወክለው እንዲከራከሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ መስኩን የምትጠቀሙ ሰዎች ተሰብሰቡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ወኪሎች ምረጡ። ማመልከቻውን ስታስገቡም የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትቀበሉ ከቢሮው አትውጡ።