ያገለገለ ካራቫን፤ የባትሪው ዋጋ የሚሰላው በሌሊት ነው

ያገለገለ ተሳቢ ካራቫን ገዝቶ ለአስጎብኚ ድርጅት ወይም ለመስክ ሥራ ቡድን ለማከራየት የሚያስብ ባለሀብት በቅድሚያ የሚመለከተው ጎማውን፣ ሻንሲውንና ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ነው። ባትሪው የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ ካራቫኑ ከከተማ ርቆ ሲቆም ተከራዩ ገንዘብ የሚከፍልበት ምቾት፣ ይኸውም ቀዝቃዛ ውሃና የማታ መብራት፣ የሚገኘው ከባትሪው ነው። ሻጩ «እርሳስ ይሻላል» ወይም «ሊትየም ይሻላል» ሲል ከመስማማት በፊት ሁለት ቁጥሮች መታወቅ አለባቸው፦ በአንድ ሌሊት ስንት ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል? በዓመትስ ስንት ሌሊት ይሠራል?

አንደኛ፦ ፍላጎትን መቁጠር

የእያንዳንዱ ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ይባዛል። 45 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰር ማቀዝቀዣ፣ እየበራ እየጠፋ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 450 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት ሲበሩ 80 ይሆናል። አራት ስልክ ለመሙላት 60 ያህል ይበቃል። ድምሩ ወደ 600 ይጠጋል።

ከዚህ ዝርዝር ውጭ መሆን ያለበት ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ነው። 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ብቻ የስድስት ሌሊት ያህል ኃይል ይበላል። ምግብና ሻይ በጋዝ ይሠራ።

ሁለተኛ፦ የተጻፈውና የሚገኘው

12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የተባለ ባትሪ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ፣ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ግን በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ በተግባር የሚታሰበው 600 ብቻ ነው። በዚህ አያያዝ ደህና የሚባለው 500 ጊዜ ያህል ወርዶ ይሞላል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት በተመሳሳይ መጠኑ 1000 ያህል ያለ ሥጋት ይሰጣል፤ ከ2000 ጊዜ በላይም ይሞላል። ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ሲሆን የእርሳሱ ወደ 30 ኪሎ ይደርሳል።

የመኪና ማስነሻ ባትሪ ከሁለቱም አይደለም። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ በቀጫጭን ሰሌዳዎች የተሠራ ስለሆነ፣ በየሌሊቱ ሲወርድ በአጭር ጊዜ ይሞታል። በርካሽነቱ የሚገዛው ሰው በዓመቱ ተመልሶ ገበያ ይወጣል።

ሦስተኛ፦ የአንድ ሌሊት ወጪ

ለሂሳቡ ያህል የእርሳሱን 20 ሺህ ብር፣ የሊትየሙን ሦስት እጥፍ፣ 60 ሺህ ብር እንበል። አንባቢው የሰሞኑን ዋጋ ተክቶ ማስላት ይችላል።

ካራቫኑ በዓመት 30 ሌሊት ብቻ ቢከራይ፣ እርሳሱ በአምስት ዓመት፣ ሊትየሙ በአሥር ዓመት በዕድሜ ብዛት ያረጃሉ እንበል። እርሳሱ 150 ሌሊት ያገለግላል፤ የሌሊቱ ወጪ 133 ብር ነው። ሊትየሙ 300 ሌሊት ያገለግላል፤ ወጪው 200 ብር ነው። እዚህ ላይ እርሳስ ያዋጣል።

በዓመት 200 ሌሊት የሚሠራ ከሆነ ግን እርሳሱ 500 ሌሊት ሠርቶ በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል፤ የሌሊቱ ወጪ 40 ብር ነው። ሊትየሙ በአሥር ዓመት 2000 ሌሊት ይሠራል፤ ወጪው 30 ብር ይሆናል። ሻጮች የሚነግሩን እስከዚህ ድረስ ነው።

ያልተነገረው ወለድ ነው። በባትሪው ላይ ታስሮ የሚቆየው ገንዘብ በአማካይ የዋጋው ግማሽ ነው ብንልና 10 በመቶ ወለድ ብናስብበት፣ በሊትየሙ ላይ በሌሊት 15 ብር፣ በእርሳሱ ላይ 5 ብር ይጨመራል። ሁለቱም 45 ብር ሆኑ! የተባለው ትርፍ በወለድ ተበላ ማለት ነው።

ሚዛኑን የሚያነሣው የፍላጎቱ መጠን ነው። ተከራዮቹ ላፕቶፕና ካሜራ የሚሞሉ ሆነው የሌሊቱ ፍላጎት 1000 ዋት-ሰዓት ቢደርስ፣ አንድ ሊትየም ሲበቃ እርሳሱ ሁለት መሆን አለበት። ያን ጊዜ 45 ብር በ90 ብር ይወዳደራል፤ በካራቫኑ ላይ የሚጫነውም 12 ኪሎ በ60 ኪሎ ነው።

አራተኛ፦ ከመክፈል በፊት የሚመረመሩ

ከአሜሪካ የመጣ ካራቫን የውስጥ መስመሩ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለሆነ፣ ቻርጀሩንና ሶኬቶቹን የመቀየር ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት። ከአውሮፓ የመጣው ይህ ችግር የለበትም።

በጋዝም በባትሪም የሚሠራ የቆየ ማቀዝቀዣ በ12 ቮልት ሲሠራ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ይወስዳል። መኪናው ሲጎትተው እንጂ ቆሞ የሚያድር ካራቫን ላይ አይሆንም፤ የ600ውን ዋት-ሰዓት በስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል።

አብሮ የሚሸጠውን እርሳስ ባትሪ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር መለካት ነው። 12.7 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። ሞላ ተብሎ 12.1 አካባቢ ከቆመ ግማሽ ነውና ዋጋ አይሰጠው።

ሊትየም የሚያስገባ ሰው አሮጌው ቻርጀር እንደሚስማማው ያረጋግጥ። ደግሞም ይህ ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። በባሌ ሰነቴ አምባ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ባትሪው በካራቫኑ ውስጥ እንጂ በውጭ ሳጥን አይቀመጥ።

ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 700 ዋት-ሰዓት ያህል ይመልሳል። ለ600ው ፍላጎት በበጋ ይበቃል፤ በክረምት ግን ጎታቹ መኪና ወይም ጄኔሬተር መደገፍ አለበት።

በመጨረሻም ሽቦ ነው። 600 ዋት በ12 ቮልት ሲሄድ 50 አምፔር ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ቤቱም ከእንጨትና ከፎም የተሠራ ነውና ይቃጠላል። ወፍራም ሽቦና ከባትሪው አጠገብ የሚገባ ፊውዝ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፤ በእሱ ላይ የሚቆጥብ ሰው ካራቫኑን በሙሉ ያስይዛል።

ባጭሩ፣ በዓመት ጥቂት ሌሊት ለሚሠራና ፍላጎቱ ለተወሰነ፣ ዲፕ ሳይክል የተባለው እርሳስ ይበቃል። በዓመት 200 ሌሊት ለሚያከራይና ደንበኞቹ ብዙ ለሚሞሉ፣ ሊትየም በግማሽ ወጪ ይሠራል። በመካከል ያለ ነጋዴ የራሱን ሁለት ቁጥሮች ጽፎ ይዞ ወደ ሻጩ ይሂድ።