ከውሻ ጋር መወዳደር፦ ተወዳዳሪውን የሚያነሣሣው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ውሻን የምናውቀው በግቢ ጠባቂነቱ ነው። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ሰው ከውሻው ጋር ለወራት ሲለማመድ ቆይቶ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ሩጫ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ አንዲት ሪባን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብንባል መገረማችን አይቀርም። ድካሙና ሽልማቱ ፈጽሞ አይመጣጠኑም። ታዲያ የሚያነሣሣው ምንድን ነው?

አጂሊቲ የተሰኘው ውድድር በለንደን ከተማ፣ ክራፍትስ በተባለው የውሾች ትርዒት ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። አርአያው የፈረስ ዝላይ ነበር። ውሻው ያለ ማሰሪያ እየሮጠ መሰናክል ይዘላል፣ በቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ በተተከሉ ዘንጎች መካከል ይሹለከለካል። ባለቤቱ በድምፁና በሰውነቱ እንቅስቃሴ ይመራዋል እንጂ ሊነካው አይፈቀድለትም። የመሰናክሎቹ አቀማመጥ ስለሚለዋወጥም ውሻው መንገዱን አስቀድሞ ሊያጠናው አይችልም። የሰውዬው ትከሻ ጥቂት ዘግይቶ ቢዞር ውሻው ወደ ተሳሳተው መሰናክል ያመራል፤ ጥፋቱ ግን የውሻው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ልቦና ሙከራ እናስታውስ። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ሶማ የተባለውን ባለ 7 ቁርጥራጭ ኪዩብ እየገጣጠሙ ልዩ ልዩ ቅርጾች እንዲሠሩ አደረገ። በሁለተኛው ዙር ለአንደኛው ቡድን በእያንዳንዱ ቅርጽ 1 ዶላር ከፈለ፤ በሦስተኛው ዙር ክፍያው ቀረ። በየዙሩም ለ8 ደቂቃ ከክፍሉ እየወጣ፣ ተማሪዎቹ መጽሔት ሊያነቡም ሊጫወቱም እንደሚችሉ ይነግራቸው ነበር። ክፍያ የለመዱት፣ ክፍያው ሲቆም በዚያ ነፃ ጊዜ ወደ ጨዋታው የመመለስ ፍላጎታቸው ቀነሰ። ያልተከፈላቸው ግን ይህ መቀነስ አልታየባቸውም።

ግኝቱ ለዓመታት አከራክሯል። ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ውስጣዊ ተነሣሽነት የሚፋፋው ሰው በራሱ ምርጫ ሲሠራ፣ ችሎታው ሲያድግና ከሌሎች ጋር ሲተሳሰር ነው። በእኛ አስተያየት የውሻ ስፖርት ልዩነቱ ሦስተኛው ላይ ነው፤ እዚህ ቦታ ትስስሩ ራሱ ችሎታ ይሆናልና። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናትም፣ ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ከመቀራረብ ጋር የሚያያዘው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ዘንድ እንደሚጨምር አመልክቷል።

ይሁን እንጂ የሚወዳደሩት ሁለት ሲሆኑ፣ ለመወዳደር የመረጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሽልማቱ ብቻ ግብ ከሆነ ውሻው ወደ መሣሪያነት ይወርዳል። ይህ ከአጂሊቲ ይልቅ በከባዱ የአላስካ ውድድር በኢዲታሮድ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው በዚህ ውድድር ውሾች ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ይጎትታሉ፤ በተለያዩ ዓመታት የሞቱም አሉ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። የእንስሳት ሐኪሞች በየጣቢያው ውሾቹን ይመረምራሉ፤ የደከመውን ውሻ ጣቢያ ላይ ትቶ መቀጠልም ይፈቀዳል። እንዲህ የሚያደርግ ተወዳዳሪ የሚጎትትለት ኃይል ይቀንስበታል። ኖም በተባለችው የመድረሻ ከተማ ደግሞ የመጨረሻው ተወዳዳሪ እስኪገባ ድረስ ፋኖስ ይበራል፤ እርሱም ሲደርስ ቀይ ፋኖስ ይሸለማል።