በብስክሌት ወደ ጠማቂ ገዳማት፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ልክና ስለ ዕረፍት የቀረበ ትምህርት



በአውሮፓ የሙቀት ወራት ሲመጣ ብዙ ሰዎች የዓመት ዕረፍታቸውን በብስክሌት ጉዞ ያሳልፋሉ። በቤልጂየም ይህ ጉዞ ልዩ መልክ አለው፤ ተጓዦቹ ለሦስትና ለአራት ቀናት ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መነኮሳት የሚጠምቁትን ቢራ ይቀምሳሉ። ይህን የሰማ ክርስቲያን «መነኩሴንና ቢራን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ለቤታችንና ለቁምስናችን የሚጠቅም ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የሥራው መነሻ

ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዘመን ለመነኮሳት የጻፈው ሥርዓት የገዳሙን ቀን ለጸሎት፣ ለንባብና ለእጅ ሥራ ያከፋፍለዋል። በምዕራፍ 48 መነኮሳት እንደ አባቶቻቸውና እንደ ሐዋርያት በእጃቸው ድካም እንዲኖሩ ያስተምራል። በምዕራፍ 40 ለእያንዳንዱ መነኩሴ በቀን የሚበቃውን የወይን ጠጅ ልክ ከወሰነ በኋላ፣ ከመጠጥ ፈጽሞ ለመራቅ ጸጋ የተሰጠው ሰው የራሱ ዋጋ እንደሚጠብቀው ይገልጻል። በምዕራፍ 57 ደግሞ የገዳሙ የእጅ ሥራ ሲሸጥ ስስት እንዳይገባበት፣ ዋጋውም ከዓለማውያን ዋጋ ጥቂት ዝቅ እንዲል ያዛል።

በ1098 በፈረንሳይ አገር በሲቶ የተመሠረተው የሲታውያን ማኅበር ይህን ሥርዓት አጥብቆ ለመጠበቅ የተነሣ ነው። በ1664 ደግሞ በኖርማንዲ በሚገኘው የላ ትራፕ ገዳም አበምኔቱ አርማን ዣን ደ ራንሴ ተሐድሶ ጀመሩ፤ «ትራፒስት» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ገዳም ነው። በአገራችን ያሉት ሲታውያን መነኮሳት በኢጣልያ ከሚገኘው ከካዛማሪ ገዳም ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ከትራፒስቶች ጋር በአኗኗር ቢለያዩም ግንዳቸው አንድ ነው።

በሰሜን አውሮፓ ወይን እንደ ልብ አይበቅልም፤ ገብስ ግን ይበቅላል። ስለዚህ በዚያ አገር ቢራ የማዕድ መጠጥ ሆነ። አሠራሩም ጠላ ለሚጠምቁት እናቶቻችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ገብሱ ብቅል ይሆናል፤ በጌሾ ፈንታ ሆፕ የተባለ መራራ አበባ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ይፈላል፤ ከበረደ በኋላ እርሾ ይጨመርበታል።

2. የሦስት ቀን ጉዞ

ኮረብታማ በሆነው በደቡብ ቤልጂየም ሦስት የትራፒስት ገዳማት ይገኛሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው መንገድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን ለብስክሌተኛ የሙሉ ቀን ጉዞ ነው።

የመጀመሪያው በፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ያለው ኦርቫል ነው። በ1070 ከደቡብ ኢጣልያ የመጡ መነኮሳት ሰፈሩበት፤ በ1132 ሲታውያን ተረከቡት፤ በ1793 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ተቃጥሎ ከ130 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1926 እንደገና መሠራት ሲጀምር የሕንፃው ወጪ ከባድ ስለ ነበረ በ1931 የጠመቃው ቤት ተቋቋመ። ዛሬ ተጓዡ የጥንቱን ፍርስራሽና አዲሱን ገዳም ጎን ለጎን ያያል። ለሽያጭ የሚቀርበው ቢራ የአልኮል መጠኑ 6.2 በመቶ ሲሆን፣ ለመነኮሳቱ ማዕድ የሚጠመቀው ግን ከዚያ የቀለለ ነው።

ሁለተኛው ሮሽፎር ነው። በ1230 ለደናግል ተመሠረተ፤ በ1464 ወደ መነኮሳት ተላለፈ። አብዮቱ ካፈለሳቸው በኋላ በ1887 ከአኸል ገዳም የመጡ መነኮሳት ሕይወቱን አደሱት፤ በ1899 ጠመቃ ጀመሩ። ከቢራዎቹ ብርቱው 11.3 በመቶ አልኮል አለው። የጠመቃው ቤት ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ስለ ቢራው ብቻ የመጣ መንገደኛ ይህን ሲያውቅ ያዝናል። ይሁን እንጂ የተዘጋበት የሥራው በር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነውና ገብቶ ከመነኮሳቱ ጋር መጸለይ ይችላል። ገዳሙ ለእንግዳ የሚሰጠው ዋናው ስጦታም ይህ ነው።

ሦስተኛው በሺሜ ከተማ አቅራቢያ ያለው የስኩርሞ ገዳም ነው። በ1850 ከቬስትፍሌተረን የመጡ መነኮሳት መሠረቱት፤ በ1862 ጠመቃ ጀመሩ። ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ይጠመቃል፤ በጠርሙስ የሚሞላው ግን ከቅጥሩ ውጭ በምትገኝ መንደር ስለ ሆነ፣ የገዳሙ ሥራ ለአካባቢው ሰዎችም እንጀራ ሆኗል።

ተጓዡ አንድ ነገር መርሳት የለበትም። በቤልጂየም ሕግ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንደ መኪና ነጂ በአንድ ሊትር ደም ከ0.5 ግራም አልኮል በታች ሊኖረው ይገባል። ጠጥቶ መንገድ የሚወጣ ሰው ራሱንም ባልንጀራውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

3. ልክ ያለው ሥራ

በ1997 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የትራፒስት ማኅበር ለምርቱ ሦስት ዋና መለኪያዎች አሉት። ሥራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ወይም በአቅራቢያው፣ በመነኮሳቱ ወይም በእነርሱ ተቆጣጣሪነት መከናወን አለበት፤ ሥራው ለምንኩስናው ሕይወት ተገዥ መሆን አለበት፤ ገቢውም ለመነኮሳቱ መኖሪያና ለገዳሙ ጥገና ከዋለ በኋላ የተረፈው ለተቸገሩ መሰጠት አለበት።

የዚህ መልካም ምሳሌ በምዕራብ ቤልጂየም ያለው የቬስትፍሌተረን ገዳም ነው። በ2005 ቢራው በዓለም ምርጥ ነው ተብሎ ዝናው ሲገንና ሰልፉ ሲረዝም መነኮሳቱ ምርታቸውን አልጨመሩም። ብዙ ቢጠምቁ ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ የጸሎታቸው ሰዓት ግን ይሸራረፍ ነበር። በ2011 ለገዳሙ አዲስ ሕንፃ ማሠሪያ ሲሉ ቢራቸውን በሱቆች አሸጡ፤ የሚያስፈልጋቸውን ካገኙ በኋላ ወደ ቀድሞው ልካቸው ተመለሱ።

አኸል ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ሮሽፎርን ያደሱትን መነኮሳት የላከው ይህ ገዳም በኋላ ራሱ መነኮሳት አጣ፤ በ2021 ቢራው የማኅበሩን ምልክት የመያዝ መብቱን ተነጠቀ፤ በ2023 ሥፍራው ለግል ባለ ሀብት ተሸጠ። ጋኑም ብቅሉም አልጠፉም፤ የጠፋው የጥሪው ልጅ ነው። ለጥሪ የማይጸልይ፣ ልጆቹንም ለእግዚአብሔር መስጠት የሚሰስት ሕዝብ ሕንፃ ቢኖረው እንኳ ገዳም አይኖረውም።

4. ለእኛ የሚሆን ምክር

በአገራችን ጠላና ጠጅ የዝክርና የማኅበር፣ የሠርግና የበዓል መጠጥ ናቸው። ጌታችን በቃና ሠርግ ወይኑን ባርኳል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ስካርን አጥብቆ ነቅፏል። ሁለቱ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው ስጦታውን ያከብራል፣ ሁለተኛው ልኩን ይጠብቃል። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በመጠጥ ያጠፋ አባት «ገዳማውያንም ይጠጣሉ» ቢል መልሱ ከዚያው ገዳም ይገኛል፦ የጽዋው ልክ በሥርዓት ተወስኗል፤ ትርፉም ለድኻ ነው። አንድ ጊዜ ከጀመረ ማቆም የማይቻለው ወንድም ደግሞ የሚሻለው ፈጽሞ መተው ነው። እርሱን በማኅበር ላይ «አንድ ብቻ» እያልን የምንገፋፋው እኛ በደሉን እንካፈላለን።

ዕረፍትም ስጦታ ነው። ሰውነትን በመንገድ ማድከም፣ የእግዚአብሔርን ፍጥረት ማየት፣ ማታ ላይ ከመነኮሳት ጋር ለጸሎት መቆም እውነተኛ ዕረፍት ነው። ነገር ግን በገዳም በር አልፎ ጽዋውን ብቻ ቀምሶ የሄደ መንገደኛ ከሁለቱ ስጦታዎች ትንሹን ይዞ ተመልሷል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. ሥራችን የጸሎታችንን ሰዓት የሚወስድብን መቼ ነው? ልኩንስ እንዴት እንወስን?
ለ. በማኅበራችን መጠጥ የማይጠጣ ሰው ያለ ኀፍረት ይስተናገዳልን?
ሐ. ከገቢያችን ለተቸገሩ የምንለየው ከትርፉ ነው ወይስ ከፍርፋሪው?
መ. ቁምስናችን ለምንኩስናና ለክህነት ጥሪ ምን ያህል ይጸልያል?

የሥራችንንም የዕረፍታችንንም ልክ የሚያውቅ አምላክ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።