ስንቅ ለጤናም ለኪስም፦ ከላስታ ደጋ ወደ ወልድያ ለሚወርድ ቤተሰብ

በላሊበላና በአካባቢዋ የሚኖረው ቤተሰብ ባለፉት ዓመታት ገቢው እንዴት እንደ ተመናመነ ለእናንተ ማስረዳት አያሻንም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን አስቀረ፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባሉት ወራት ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ዘለቀ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ ሁሉ፣ በተለይም ዘይት፣ በየጓዳው ተሰምቷል። በእንግዳ ይተዳደር የነበረው አስጎብኚና የሆቴል ሠራተኛ፣ ዕደ ጥበብ ሻጭና በቅሎ አከራይ፣ ሁሉም ወጪውን መለካት ግድ ሆኖበታል።

ይሁንና ሰው ቤቱን ዘግቶ አይቀመጥም። ልጁ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማርለት አባት፣ ልጁ ለትምህርት ክፍሉ ቡድን ተሰልፎ ኳስ የሚጫወትበትን ቀን ሲሰማ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ቤተሰቡን ይዞ ወርዶ ማየትን ይመኛል። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የወልድያው ሼህ ሙሐመድ ሑሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየምም የሰሜን ወሎን ወጣት ልብ ወደ ኳስ ይበልጥ እንዲያዘነብል አድርጓል። እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከላሊበላ ተነሥቶ፣ በጋሸና በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አድሮ ቢመለስ፣ ከመኪና ሒሳብ ቀጥሎ ኪሱን የሚያራቁተው የምግብ ወጪ ነው። ይህ ትምህርት የሚመለከተው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በጥቂት ገንዘብ፣ ጤናን ሳይጎዱ፣ ከቤት በወጣ ስንቅ መጓዝ እንዴት እንደሚቻል ነው።

አያቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። አገልግል፣ ስልቻና ቅል የመንገደኛ ዕቃዎች ነበሩ። በወንጌል የተጻፈውን፣ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ይዞ የተገኘውን ብላቴና ስናስብ ብዙ ጊዜ ተአምሩን እንጂ ስንቁን አናስተውልም፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለዚያ ልጅ ማለዳ ተነሥቶ ስንቅ የቋጠረለት ሰው በቤቱ ነበረ ብለን ብናስብ ስሕተት አይሆንብንም። ገብሱም የድሃ እህል ነበረ። በእኛ በደጋው ግን ገብስ የድሃም የባለጸጋም ነው።

ከገብስ እንጀምር። በሶ ማለት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ እሳት ስለ ነካው በመንገድ ላይ ማብሰያ አያሻውም፤ ደርቆ ከተያዘም ቶሎ አይበላሽም። በገብስ ውስጥ ያለው በውሃ የሚሟሟ አሰር ምግቡ በሆድ ውስጥ እንዲቆይና ስኳሩ ወደ ደም ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ከዚህም የተነሣ ጠዋት በሶ የበላ መንገደኛ በስኳር ሻይና በብስኩት ከተነሣው ይልቅ ዘግይቶ ይራባል። ለአንድ አዋቂ ሁለት እፍኝ በሶ በውሃ፣ በጥቂት ጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ከተገኘም ጥቂት የኑግ ወይም የተልባ ዱቄት ተጨምሮበት በቂ ቁርስ ነው። ተልባና ኑግ ዘይታቸውን ከነእህሉ ስለሚሰጡን፣ ዘይት በተወደደበት ወቅት ልናስባቸው ይገባል። ጭኮ በቅቤ የሚለወስ በመሆኑ ለፍስክ ቀን ጥሩ ነው፤ የድልብን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ለሚያዞረው ልጅ ግን ጠዋት ቅባት የበዛበት ምግብ ባይሰጠው ይሻላል።

ገብስ ብቻውን ግን ሰውነትን አይገነባም። በእህል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ደግሞ ይህ ሞልቶላቸው በእህል የሚገኘው ሌላው፣ ሜታዮኒን የሚባለው፣ ያንሳቸዋል። ስለሆነም ሁለቱ በአንድ ቀን ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ እንጀራን በሽሮ፣ የገብስ ቆሎን በሽምብራ፣ የስንዴ ንፍሮን በባቄላ አጋብተዋል። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ይህም ከዚያው መጠን ሥጋ አያንስም። ሲቀቀል ውሃ ስለሚጠጣ በሳህን ላይ ያለው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጭልፋ ስስ ሽሮ ለአምስት ሰው አከፋፍሎ ፕሮቲን በልተናል ማለት ራስን መደለል ነው። ሽሮው ወፈር ይበል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፋፍን መናገር ይኖርብናል። ርካሽ ነውና በሽሮም በቆሎም የሚገባው ጓያ ነው። ጓያ ዝናብ ሲታጣ ሌላው ሰብል ደርቆ እርሱ ይቆማል፤ በዚህም የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ኦ.ዲ.ኤ.ፒ. የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለበት፣ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ የእግርን ነርቮች ይጎዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ከላስታ በስተደቡብ በደላንታና በዳውንት ይኸው ሕመም እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ በ1999 በላንሴት የሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት ወጣቶች ነበሩ፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆቻችን ዕድሜ ማለት ነው። በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው አደጋው የሚከፋው ጓያ በቆሎ፣ በንፍሮና ገና ሳይበስል በእሸት ሲበላ ነው፤ በወጥ መልክ በሽንኩርትና በቅመም ሲሠራ፣ ወይም ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ ግን ይቀንሳል። ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። እንግዲህ ሽሮ ከገበያ ተፈጭቶ ሲገዛ ምን እንደ ተቀላቀለበት አይታወቅምና፣ ቢቻል ክኩን ገዝቶ ራስ ማስፈጨት ነው። አንድ ቀን ጓያ የበላ ሰው ሽባ ይሆናል ብሎ ማስፈራራትም አይገባም። ጉዳዩ የዘወትር ምግብ ማድረጉ ላይ ነው፤ መምህራን ይህን ሲያስተምሩ ሁለቱን ለይተው ያስረዱ።

ስለ አትክልት ብዙ አንልም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ጎመን በደጋው ጓሮ ይበቅላል። አንድ ቃሪያና ግማሽ ሎሚ ግን ከሚመስለው በላይ ዋጋ አላቸው፤ ምክንያቱም በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ የቃሪያና የሎሚ ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ብረቱን ያስሩታል። ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና የማፍላት ልማዳችንን ለመንቀፍ ድፍረቱ የለንም፤ ለነፍሰ ጡርና ለልጃገረድ ግን ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው። ባቄላ ነክሮ ማብቀል፣ ጉንቁል ማድረግ ማለት ነው፣ ያለ ምንም ወጪ ቫይታሚን ሲን የሚጨምር፣ ማገዶም የሚቆጥብ ጥበብ ነው። ላሊበላ 2 ሺህ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው ከመቶ ዲግሪ በታች ነው፤ ያልተነከረ ባቄላ በዚህ ከፍታ እንጨት ይጨርሳል፤ እንጨት ደግሞ ዛሬ ገንዘብ ነው።

የጨውም ነገር አለ። ደጋ አገር አፈሩ በዝናብ ስለ ታጠበ አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዝዛል። ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በወጡም ላይ መጨረሻ ላይ መጨመር አዮዲኑ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ቅዳሜ ጠዋት የሚነሣ ቤተሰብ ዓርብ ማታ ድፎ ዳቦ ቢጋግር፣ ድርቆሽ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቃሪያና ሎሚ ቢይዝ፣ ፍስክም ከሆነ የተቀቀለ እንቁላል ቢጨምር፣ ጋሸና ላይ ወርዶ ምግብ ቤት መግባት ግድ አይሆንበትም። ድርቆሹ ወልድያ ከዘመድ ቤት ሲደርሱ በጥቂት ወጥ ይፈተፈታል። እርጥብ እንጀራ በሙቀት ሦስት ቀን ከሆነው ይሻግታል፤ የሻገተን እህል ወይም ኦቾሎኒ ከላዩ ጠርጎ መብላት ደግሞ ጉበትን ለሚጎዳ መርዝ ይዳርጋልና፣ ለሰውም ለከብትም አይሰጥ። ውሃው ከቤት ፈልቶ፣ በንጹሕ ጀሪካን ወይም በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ፤ በደጋ ከፍታ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። ልጅ በመንገድ ተቅማጥ ቢይዘው፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፣ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ሕይወት ያድናል።

ተጫዋቹ ልጅስ? ጨዋታው በ9 ሰዓት ከሆነ ምሳውን በ6 ሰዓት ይጨርስ፤ እንጀራና ሽሮ፣ ወይም ድንችና ዳቦ፣ ቅባቱ የቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ውሃና፣ እረፍት ላይ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይበቃዋል። ወላጅ በፍቅር ጥብስ ገዝቶ ከጨዋታው በፊት ቢያበላው እግሩን ማሰር ነው። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ፤ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ሊኖረው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ያለውን አንድ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል። አምስት ሰው አምስት ጠርሙስ ሲጠጣ ደግሞ ዋጋው የአንድ ኪሎ ክክ ወጪ ላይ ይጨመራል። በስታዲየም በር የሚሸጠውን ሁሉ መከልከል አይቻልም፤ አንዱን ለሁለት ልጅ ማካፈል ግን ይቻላል።

ሌላው ጉዞ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው፤ ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣው። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28፣ በበዓሉ ላይ ለመገኘት ብዙዎች ለቀናት በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ስንቃቸውም በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። የከተማው ሰው የእንግዳን እግር አጥቦ፣ ካለው አካፍሎ መቀበሉ የቆየ ልማድ ነው። የገናን ጨዋታ፣ በቆልማማ ዱላ ጥንግ የሚመታበትን፣ የአገራችን ኳስ ልንለው እንችላለን፤ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲሯሯጡ መቆጣት አይፈቀድም ነበር። የዛሬው የኳስ ደጋፊ ይህን ሕግ ቢማር ደስ ይለን ነበር።

የየቤተ ክርስቲያኑ የጾም ሥርዓት የየራሱ ቢሆንም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው የገና ጾም በደጋው ጓዳ ሁሉ ይታያል። በአገራችን ልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጾም አይያዝም። ነገር ግን የጾሙ ዕቃ ይነካካል ተብሎ ለሕፃኑ ለብቻ ወተትና እንቁላል የማይሠራበት ቤት ብዙ ነው፤ ሕፃኑ ሳይገደድ ጾመኛ ይሆናል። እህልና ጥራጥሬ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 የላቸውም፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ካልሆነ አይገኝም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ለይቶ ማስቀመጥ። የቁምስና መምህራን ይህንን ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባቶችና ለአያቶችም ቢነግሩ ይበጃል፤ ዕቃው ይነካካል የሚለው ብዙ ጊዜ ከአያት ነውና።

በጾሙ መፍቻ ዕለትም ሆድ ከሳምንታት በኋላ ጥሬ ሥጋና ቅቤ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ይታወካል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት፣ በሚገባም የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል፤ የኮሶ መድኃኒትም በገንዘብ ይገዛል። ከበዓሉ የተረፈው ድፎ ዳቦ ተቆራርጦ በፀሐይ ቢደርቅ፣ ለተመላሹ መንገደኛ እስከ ጋሸና የሚበቃ ስንቅ ይሆናል።